ያልዞረችው ንብ

«ቀጥሎ!» አለች ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው የባንክ ሠራተኛ።

«ኧረ አልጨረስኩም» አለች ብፅዓት።

«እኔ ጨርሻለሁ።»

ብፅዓት በመስታወቱ ሥር ያስገባችው የሳንድዊች ፌስታል ተገፍቶ ተመለሰላት። ፌስታሉ ውስጥ ሃያ ባለ አንድ ፓውንድ ሳንቲሞች አሉ። ሁሉም ከኪስ ኪስ ሲንከራተቱ የኖሩ፣ ፊታቸው የተፋፋቀ፣ አንዱማ የማን እንደሆነ በማይታወቅ ማስቲካ የተለበጠ። እሷ የፈለገችው ቀላል ነገር ነበር። እነዚህን ሃያዎቹን ሰጥታ፣ ከታሸገ ከረጢት ሃያ አዲስ መቀበል። ትርፍ የለው፣ ኪሳራ የለው።

«ቢዝነስ አካውንት አለሽ?»

«አሥራ አራት ዓመቴ ነው።»

«እንግዲያው የለሽም። ቀጥሎ!»

«ንቦቹ ያሉበት ከረጢት ካለ ብቻ ንገሪኝ። አዲሱ ፓውንድ፣ ሁለት ንብ ያለበት…»

«እዚህ ማር አንሸጥም።»

ሰልፉ ሳቀ። የኪልበርን ሰው ሁሉ ያንን ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ባንክ ውስጥ የተቀጣጠረ ይመስል ነበር፤ መጨረሻ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ሰልፉን የጀመሩት በወጣትነታቸው ነው ቢባል የሚጠራጠር የለም። ከብፅዓት ኋላ ያለችው ሴትዮ ባለ ጎማ ዘንቢሏን አንድ ጊዜ ተረከዟ ላይ ነዳችባት። «ይቅርታ» ብላ ደግማ ነዳችባት።

ብፅዓት ፌስታሏን ይዛ ዞር ስትል ነው በጎን ባለው የሠራተኛ መስኮት ፊት ጋሽ ዳኛቸውን ያየቻቸው። ጋሽ ዳኛቸው የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ናቸው። በሥራ ቀን አውቶብስ ይነዳሉ፤ እሑድ እሑድ ሰው ይነዳሉ። ከአገር የወጡት በደርግ ጊዜ ስለሆነ አማርኛቸው እዚያው ስብሰባ ላይ ቀርቷል። «ደህና አደራችሁ» ሲሉ እንኳ እጅ አውጥቶ መናገር የሚገባ ይመስላል። አሁን ሠራተኛው በመስኮቱ ሥር ከረጢት አቀበላቸው። ግልጥልጥ ያለ፣ አፉ የታሸገ ከረጢት። ውስጡ ያለው ነገር ያበራል። ከማብራቱ የተነሣ ብፅዓት ጥላዋን ወለሉ ላይ ያየች መሰላት። አንዷ ሳንቲም ከላስቲኩ ጋር ተጣብቃለች፤ ላይዋ ላይ ሁለት ንብ።

ውጭ ጠብቃ መንገድ ዘጋችባቸው።

«ጋሽ ዳኛቸው፣ እንደምን አደሩ። እባክዎ፣ ሃያ ፓውንድ አለኝ። ያንን ከረጢት በዚህ ይቀይሩኝ።»

ጋሽ ዳኛቸው ፌስታሉን አዩት። የታመመ ሰው ዓይን ገልጦ የሚያይ ሐኪም አስተያየት ነው።

«ባንኩ እምቢ አለሽ?»

«አዎ።»

«ባንክ እምቢ ያለሽን እኔ እሺ ልልሽ ነው? እኔ ከባንክ እበልጣለሁ ወይስ አንሳለሁ?»

ብፅዓት የትኛው መልስ ስድብ እንደሚሆን ስላልገባት ፌስታሉን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ይሄ የምእመናን ገንዘብ ነው። ጧፍ ለሚገዛ ሰው መልስ የሚሰጥበት። መጫወቻ አይደለም!» ኮታቸውን ቆለፉና ሄዱ። ሦስት እርምጃ ሄደው ዞሩ። «ለመሆኑ ኮምፒዩተር ታውቂያለሽ አሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እሑድ እናያለን።»

እናቷ «እናያለን» ስትል «አይሆንም» ማለቷ ነው። ጋሽ ዳኛቸው ግን «አይሆንም» ለማለት አፍረው አያውቁም። ስለዚህ የሳቸው «እናያለን» ውስጥ አንድ ነገር አለ ብላ ብፅዓት ተስፋ አደረገች።

«ለምኖ ማፍጠጥ!» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ሳህሌ ነው። ብስክሌት ማሰሪያው ብረት ላይ ተቀምጦ ቺፕስ ይበላል። ዕድሜው አሥራ አምስት ነው፤ የተናገረው ውሸት ቢደራረብ ግን የሦስት መቶ ዓመት ሽማግሌ ያደርገዋል።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አንቺ የምትሠሪውን። እኔንም አባረሩኝ፤ ግን በክብር ነው ያባረሩኝ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ 'ሰር' አለኝ።»

«ውሸታም።»

«አጎቴ ሳንቲም በሚመታበት ፋብሪካ የንቦቹ አለቃ እኮ ነው፣ ብሮ። እውነተኛ ንብ ነው የሚያመጡት። ንቧ ሳንቲሙ ላይ ታርፋለች፣ አጎቴ በመዶሻ 'ጧ!' ያደርጋታል። ለዚህ ነው ሁለት እጁ ያበጠው።»

ብፅዓት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ጥርሷን ነከሰችበት። ድሮ ቢሆን ትስቅ ነበር። ድሮ ጓደኛሞች ነበሩ። አምና ከበጎ አድራጎት ሱቅ አንድ የሳንቲም አልበም በአራት ፓውንድ የገዙት ሁለት ሁለት አዋጥተው ነው። አንድ ሳምንት እሷ ጋ፣ አንድ ሳምንት እሱ ጋ ያድራል። በአዲሱ ንጉሥ ጊዜ የወጡትን ሳንቲሞች በሙሉ፣ ሽኮኮዋን፣ አይጧን፣ ዓሣውን፣ አንድ በአንድ ሞልተውታል። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ሳንቲሙ ያልዞረ መሆን አለበት። «ያልዞረ» የብፅዓት ቃል ነው። ገበያ ያልወጣ፣ ኪስ ያላየ፣ ከማንም ቁልፍ ጋር ያልተጋጨ፣ ከባንክ ከረጢት በቀጥታ የወጣ ማለት ነው።

የቀረው አንድ ቀዳዳ ነበር። የንቧ። እሱም ሊሞላ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ብፅዓት ፋርማሲ ውስጥ ሠራተኛዋ አዲስ ከረጢት ስትቀድ ደርሳ፣ እንደ ፀሐይ የምታበራ አንድ ንብ አገኘች። ትምህርት ቤት ይዛት ሄደች። «እስቲ ልያት» ብሎ ተቀበላትና ሳህሌ ሳንቲም ሲከቱበት ቸኮሌት የሚሰጥ ማሽን ውስጥ ከተታት። ማሽኑ ራሱ ነው የሳባት አለ፤ ማግኔት የሚሠራ ሌላ አጎት አመጣ። አፉ ላይ ግን ቸኮሌት ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ያለው ውል ብቻ ነው። ንቧን ቀድሞ ያስገባ አልበሙ ለዘላለም የሱ ይሆናል፤ ሌላው ሁለተኛ አይነካውም።

«ያልዞረ ሳንቲም፣ ያልዞረ ሳንቲም ትያለሽ» አለ ሳህሌ ጨዉን ከጣቱ እየላሰ። «ሳንቲሙ አልዞረም፤ አንቺ ግን ዞሮብሻል።»

በእሑዱ፣ ቅዳሴው አልቆ ሰው ወደ አዳራሹ ሲጎርፍ፣ ብፅዓት ሃያዎቹን ሳንቲሞች በቦርሳዋ ይዛ የጧፍ መሸጫውን ጠረጴዛ ዞረችው። ተረኛው ሳህሌ ነበር፤ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። አዳራሹ ጥግ ዳቦ እየታደለ ስለሆነ የት እንደሄደ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ጋሽ ዳኛቸው ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ስድስት ወንበር ተሸክመው አዩዋት። ከዚያው ሆነው ጮኹ።

«ብፅዓት! ዝርዝሩን ከመሳቢያው ውሰጂ!»

«እ?»

«ዝርዝሩን! ከመሳቢያው! አስተካክለሽ ነው ታዲያ፤ አንድ ስህተት እንዳላይ!»

ብፅዓት ጆሮዋን አላመነችም። መሳቢያውን ሳበች። ክብሪት፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ዘይት የነካው የተጻፈበት ወረቀት፣ ከወረቀቱ ሥር ያ ከረጢት። ማኅተሙ እንዳለ ነው። ወረቀቱን አነሣችና ከረጢቱን አወጣች። በምትኩ የሳንድዊች ፌስታሏን አስቀመጠች። «አስተካክለሽ» ብለዋታል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ማስቲካውንም በጥፍሯ የቻለችውን ያህል ፈቀፈቀችለት። ሃያ በሃያ። ወረቀቱን መልሳ ከላይ አለበሰችው። ቀና ብላ ለማመስገን ስትፈልጋቸው ጋሽ ዳኛቸው ወንበር ስለማጠፍ ሥነ ሥርዓት አንድ ሽማግሌ ላይ እየጮኹ ነበር።

ሳህሌ አፉን ሞልቶ ሲመለስ እሷ በሩ ጋ ደርሳለች።

እቤት ገብታ ጨርቅ አነጠፈች። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ከረጢቱን ቀደደችው። ሃያ ንቦች፣ ልክ እንደ ቀፎ። ሳንቲም ሰብሳቢ ያልሆነ ሰው ሃያውም አንድ ናቸው ይላል። አይደሉም። ከረጢቱ ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ ይቆሳሰላሉ፤ ባንክ የሚሰጥህ አዲስ ነው እንጂ ንጹሕ አይደለም። አንድ በአንድ፣ ባለ አሥራ ሁለት ጎን ጠርዛቸውን ብቻ ይዛ በስልኳ መብራት አየቻቸው። አንዷ ንጉሡ ጉንጭ ላይ ጭረት አላት። አንዷ ክንፏ ተፍቋል። አንዷ ከዳር ተሰርጉዳለች።

«ዝርዝር ስጪኝ፣ የሱፐርማርኬቱን ትሮሊ ማስለቀቂያ» አለች እናቷ ኮቷን እየለበሰች በሩን ከፍታ። «ሊስቱንም ከፍሪጁ ላይ አንሺልኝ።»

እጇ ወደ ጨርቁ ሲሄድ ብፅዓት ጮኸች። ጎረቤት ከወዲያ ማዶ ግድግዳውን ደበደበ።

«ምን ሆንሽ? እሳት ነካሁ?»

«እነዚህን አትንኪ! በቦርሳሽ አሮጌ ፈልጊ!»

«ከእናትሽ ሳንቲም የምትደብቂ! እኔ ለአንድ ፓውንድ ብዬ ይሄን ሁሉ ድምፅ!» አለች እናቷና በሩን ወርውራ ዘግታ ሄደች።

አሥራ ሰባተኛዋ ነበረች። ብፅዓት መብራቱን ከግራ አበራች፣ ከቀኝ አበራች፣ ከላይ አበራች። ምንም። ጭረት የለ፣ ጉድፍ የለ። ንቦቹ ትንፋሽ ቢነካቸው የሚበሩ ይመስላሉ። ትንፋሿን ያዘች። አልበሙ በሷ ሳምንት እሷ ጋ ነው። የመጨረሻው ቀዳዳ ውስጥ አስቀምጣ በቀስታ ተጫነቻት፤ «ጠቅ» አለች።

አሸነፈች። አልበሙ የሷ ሆነ። አሥራ ዘጠኙን ደግሞ ወደ ከረጢቱ መለሰቻቸው፤ ለሚመጣው እሑድ ለጋሽ ዳኛቸው መልሳ የራሷን አሥራ ዘጠኝ አሮጌ ልትወስድ። ከማስቲካው በስተቀር።

ሳምንቱን ሙሉ ምላሷን ነክሳ ለማንም አልተናገረችም፤ የሳህሌን ፊት በዓይኗ ልታየው ፈልጋለች። እሱ ግን ረቡዕ ዕለት የሰንበት ትምህርት ቤቱ የስልክ ግሩፕ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ለአንዳንድ ሴቶች ይድረስ። አንድ ከረጢት ሙሉ ንብ አለኝ። ሙሉ። አጎቴ ነው ያመጣልኝ። ሊትራሊ ቤታችን ማር ማር ይሸታል።»

ብፅዓት ትራሷን አፏ ውስጥ ከታ ሳቀች።

በሚቀጥለው እሑድ አልበሙንም ከረጢቱንም በቦርሳዋ ይዛ ስትገባ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሟል። ጋሽ ዳኛቸው የጧፍ ጠረጴዛው ኋላ ቆመው የሷን የሳንድዊች ፌስታል በሁለት ጣት አንጠልጥለዋል፤ የሞተ አይጥ በጭራው እንደሚያዝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳንድዊች» አለ አንድ ሕፃን።

«ሳንድዊች አይደለም! ከባንክ ያመጣሁት፣ ማኅተሙ ያልተነካ ከረጢት እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዛሬ ስከፍት ይሄ ተኝቶበታል! ቆጥሬዋለሁ፤ አልጎደለም። ግን ማን ነው የምእመናንን አዲስ ገንዘብ ወስዶ ውሻ ያኘከው ገንዘብ የተወልን? ዛሬ ያለ ፈቃድ የለወጠ ነገ ይሰርቃል!»

ብፅዓት ግራ ገባት። ራሳቸው ውሰጂ ብለው? እጇን አወጣች። «ጋሽ ዳኛቸው፣ እርስዎ እኮ ነዎት…»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! አንቺን ዝርዝሩን ውሰጂ፣ ኮምፒዩተር ላይ አስተካክለሽ ጻፊ ብዬሽ ይኸው ጥለሽው ሄደሻል!»

ዘይት የነካውን ወረቀት ፊቷ ላይ አርገበገቡት። ብፅዓት ፊደል የምታነበው ቀስ ብላ ነው፤ በጣቷ እየቆጠረች። ከላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ወደ ሳውዝኤንድ ባሕር ዳር የሚጓዙ ወጣቶች ስም ዝርዝር»። ዝ። ር። ዝ። ር። ከሥሩ ሃያ ስድስት ስም።

ሊስት ነው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሰውየው ስለ ሊስት ነበር የጮኹት።

ጋሽ ዳኛቸው ፈቅደውላት አያውቁም። ማንም አልፈቀደላትም። ማኅተም ያለበት የቤተ ክርስቲያን ከረጢት አውጥታ፣ ቤቷ ወስዳ፣ ቀዳለች።

«መሳቢያውን ከፍተሽ ቢሆን ይሄን ወረቀት ታገኚው ነበር» አሉ ጋሽ ዳኛቸው። «አልከፈትሽም። ሰነፍ ነሽ እንጂ እጅሽ ንጹሕ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው አንድ ሰው ነው። ሳህሌ! ወዲህ ና!»

ሳህሌ ከልጆቹ መሃል ተገፍቶ ወጣ። ፈገግ ለማለት ሞክሮ ግማሹ ላይ ተወው።

«ባለፈው እሑድ ከዚህ ወንበር ተነሥተሃል?»

ብፅዓት የሳህሌን ዓይን አየችው። ተረኛ ጠረጴዛ ጥሎ ከሄደ ለአንድ ወር ከተራ ይባረራል፤ ደንብ ነው።

«ለአንድ ሴኮንድ አልተነሣሁም» አለ ሳህሌ።

«ይኸው! ሌላ ሰው አልመጣም ማለት ነው።» ጋሽ ዳኛቸው ከኪሳቸው ስልክ አወጡ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው አነበቡ። «'አንድ ከረጢት ሙሉ ንብ አለኝ። ሙሉ።' ይሄን የጻፈው ማን ነው?»

አዳራሹ «ኡኡ» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ሳህሌ። «ግን ዋሽቼ ነው።»

«ስትጽፍ ዋሽተህ ነው?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

ሁሉም ሳቀ። ሳህሌ አልሳቀም። ጆሮው ቀልቷል። «አልወሰድኩም» አለ። «እውነቴን ነው። አልወሰድኩም።»

ብፅዓት ይሄን ልጅ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሲዋሽ ረጅም ነው። ሲዋሽ ማሽን አለ፣ ማግኔት አለ፣ እጁ ያበጠ ሰው አለ። የሳህሌ ውሸት ሁልጊዜ አጎት አለው። እውነቱ ግን ዘመድ የለውም፤ ብቻውን ነው የሚቆመው። አሁን ያለው አንድ ቃል ነው። «አልወሰድኩም።»

«እኔ ጋ ውሸታም ባሕር አይሄድም» አሉ ጋሽ ዳኛቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና በቀይ እስክሪብቶ አንዱን ስም ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። «ለአባትህም እነግራለሁ። ሌባ ልጅ አሳድገሃል እለዋለሁ፤ በጉባኤ ፊት።»

«ጋሽ ዳኛቸው፣ በማርያም…»

«ማርያምን አትጥራ!»

ብፅዓት የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ዝም ብላ መቆም ብቻ። ዝም ካለች ንቧ ቀዳዳዋ ውስጥ ናት፣ አልበሙ የሷ ነው፣ ከአንድ ወር በኋላ «ከባንክ አገኘኋት» ብትል ማን ይጠይቃታል? ደግሞ ማን ዋሽ አለው? ማን ዳቦ ሂድና ብላ አለው? የቸኮሌት ማሽኑ ውስጥ የገባችው ንብ ደም ይኸው ተመለሰ። ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ነው፤ አካፋውም የራሱ ነው።

ከተናገረች ደግሞ ንቧ ትሄዳለች። ያ ብቻም አይደለም። ለንደን ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ ብፅዓት «ዝርዝር» ማለት ምን እንደሆነ እንደማታውቅ ይሰማል። ሠርጓ ቀን ድረስ ያስቁባታል። ቄሱ ሳይቀሩ።

ሳህሌ በዓይኑ አዳራሹን እየዞረ ነበር፤ የሚያምነው አንድ ሰው እየፈለገ። ዓይኑ እሷ ጋ ሲደርስ አላቆመም። አለፋት። ከእሷስ ምን ይጠብቃል?

ያ ነገር አናደዳት። ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ግን ከተረከዟ እስከ ጆሮዋ አናደዳት።

ሰዎቹን በክርን እየገፋች ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ዝርዝሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች።

ጋሽ ዳኛቸው ወረቀቱን አሳዩዋት። «ዝርዝሩማ ይኸው።»

«ሌላኛውን ዝርዝር።»

ቦርሳዋን ከፍታ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አሥራ ዘጠኙ ንቦች ተንሿሹ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ዳቦ የሚያኝክ ሕፃን እንኳ ማኘኩን አቆመ።

«ዝርዝር ውሰጂ ሲሉኝ… እኛ ቤት ዝርዝር ሳንቲም ነው። አስተካክለሽ ሲሉኝ ሃያ በሃያ ነው ብዬ… ሳህሌ አልነበረም። ዳቦ ሊያመጣ ሄዶ ነበር።»

ጋሽ ዳኛቸው አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። አውቶብሳቸው ድልድይ ሥር የተቀረቀረባቸው ነው የሚመስሉት።

«ዝርዝር ብዬሽ… ሳንቲም?»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ የከተቱ አሉ። እናቷ ከኋላ ሆና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ ዳኛቸው ብቻ አልሳቁም፤ ሳንቲሞቹን እየቆጠሩ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ነው» አሉ። «አንዷስ?»

ብፅዓት አልበሙን አወጣች። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ሳህሌ አንገቱን ሰገገ፤ ትንፋሹ ሲቆም ሰማችው። ከሁሉም ሰው መሃል ያቺ ንብ ምን እንደሆነች የገባው እሱ ብቻ ነው።

ብፅዓት ጠርዟን አልያዘችም። አውራ ጣቷን ንቦቹ ላይ አሳርፋ ገፋቻት። ሳንቲሟ ስትወጣ ላይዋ ላይ የጣቷ አሻራ እንደ ጭጋግ ተቀምጧል።

«ይኸው» አለች።

ጋሽ ዳኛቸው ከረጢቱን ቁልቁል ደፍተው ሃያውንም የመልስ መስጫው ቆርቆሮ ውስጥ አፈሰሷቸው። ብፅዓት ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ ጥርስ እንደሚነቀል ነበር። የሷን የሳንድዊች ፌስታል ከነማስቲካው ወረወሩላት።

«አራት ጧፍ አንሺልኝ እስቲ ልጄ፣ ሳቁ ካለቀ» አሉ እማማ አልታየሽ፣ ዱላቸውን እያንኳኩ መጥተው። አሥር ፓውንድ ዘረጉ። ጋሽ ዳኛቸው ከቆርቆሮው ስድስት ሳንቲም ዘግነው ሰጧቸው። ከላይ ያለችዋ አሻራ ያለባት ናት። እማማ አልታየሽ አንጠልጥለው አዩአት። «ንብ!» አሉ። «ደግ ነው፤ ጧፉም ከሰሟ ነው።» ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ከቁልፋቸው፣ ከመድኃኒታቸው፣ ከተፈታ ከረሜላቸው መሃል ጣሏትና ቦርሳውን «ጨፍ» አድርገው ወዝወዝ እያሉ ሄዱ።

ያልዞረችው ንብ ዞረች።

ሳህሌ ጠረጴዛውን ተደግፎ እማማ አልታየሽን እስከ በሩ በዓይኑ ሸኛቸው። አላመሰገናትም። አያመሰግንም።

«የንቧ ቀዳዳ ባዶ ነው» አለ። «ስለዚህ አላሸነፍሽም።»

«አላሸነፍኩም።»

«አጎቴ እኮ ሊመሰክርልኝ መኪና ላይ ነበር።»

«አጎት የለህም፣ ሳህሌ።»

«ዝርዝር!» አላት ከዚያ፣ ጮክ ብሎ፣ ልጆቹ ሁሉ እንዲሰሙ። ልጆቹ ተቀበሉት። «ዝርዝር! ዝርዝር!» ስሙ በዚያው ጸና።

«አንቺ!» አሉ ጋሽ ዳኛቸው ዘይት የነካውን ወረቀት እየዘረጉላት። «ይሄንን ነው ዝርዝር የሚሉት። ወረቀት። ይኸውልሽ፣ ንኪው። ከአውቶብሱ ወንበር ቁጥር ጋር አስተካክለሽ አሁኑኑ ጻፊልኝ። ማን ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ አንቺው ወስኚ፤ እኔ ከፊት ነኝ።»

ብፅዓት ጥግ ላይ ካለች ወንበር ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበበች ጻፈች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ቀዩ መስመር አጋጠማት። መስመሩ ወፍራም ነው፤ የሰረዙት ሰው ይመልሱት ወይም ይተዉት አልተናገሩም። እሷንም «አንድ ስህተት እንዳላይ» ነው ያሏት።

ቀና ስትል ሳህሌ አዳራሹ መሃል ቆሞ ለሕፃናቱ ስለ ንብና ስለ መዶሻ እያወራ ነው።

ቁጥር ዘጠኝ፣ ሳህሌ ብላ ጻፈች። በፊደሉም አልተሳሳተችም። ከዚያ የወንበሩን ቁጥር ስትሞላ ትንሽ አሰበችና ከፊት አንደኛው ረድፍ ላይ፣ ከጋሽ ዳኛቸው ጎን፣ መስኮት የሌለበት በኩል አስቀመጠችው። ሲሄዱም፣ ሲመለሱም።